መሪ ኃይል ለመጠቀም ቸኩሏል የሚባለው መቼ ነው? ከአዳማ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ የጦርነት ወሬ ሲነሳ ሩቅ ነገር ሆኖ አይሰማም። የጅቡቲ መንገድ በከተማዋ ያልፋል፣ ባቡሩም እንዲሁ። ከባድ መኪና የሚያሽከረክር፣ ጭነት የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ልጁ መከላከያ የገባለት ወላጅ በየሰፈሩ አለ። «ሰውዬው ጦርነት ጦርነት ይለው ጀመር እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በየቡናውና በየመናኸሪያው የሚነሳው ለዚህ ነው። ጥያቄው በስሜት ብቻ ሲመለስ ወይ ያለ ምክንያት ያስፈራል፣ ወይ ሊያስፈራ የሚገባውን ያስንቃል። የመሪን ልብ ማንበብ ለማንም አልተሰጠም። የውሳኔው መንገድ ግን ዱካ ይተዋል፤ እኛም የምንነጋገረው ስለዚያ ዱካ ነው።

መሪ ቸኩሏል ለማለት መለኪያው ምንድን ነው?

ኃይል ከአማራጮቹ ስንተኛ ላይ እንደተቀመጠ እዩ። ከዘመቻው በፊት ምን ተሞከረ? ማን ተጠየቀ? ግቡ ደርሷል ወይም አልደረሰም ተብሎ ሊመረመር በሚችል ቃል ተነግሯል? መቼና እንዴት እንደሚያበቃስ? አራቱም ጥያቄዎች መልስ ካጡ የመሪው ድምፅ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ችኮላ አለ። መልስ ካላቸው ደግሞ ንግግሩ ቢጋልም ወደ ድምዳሜ አትሩጡ።

ከራሳችን ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለን። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ነገር እንደሚል ሲታወቅ አፄ ምኒልክ ያስቀደሙት ደብዳቤ ነበር። ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፣ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ፣ በ1885 ውሉን አፈረሱ። የክተት አዋጁ የተነገረው በመስከረም 1888 ነው። ከፊርማው እስከ ክተቱ ከስድስት ዓመት በላይ ሄዷል። በነዚያ ዓመታት ጠመንጃ መግዛታቸውን አላቋረጡም። ይህን የምናነሳው ብዙ ሰው ዝግጅትንና ችኮላን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ጦሩን የሚያስታጥቅ መሪ የግድ ጦርነት ፈላጊ አይደለም፤ ደብዳቤውን ሳይጽፍ ክተት የሚለው ግን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 የኩባ የሚሳይል ቀውስ ሲነሳም መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የወጣው የአየር ድብደባ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለቀናት አማካሪዎቻቸውን እርስ በርስ ካከራከሩ በኋላ ደሴቲቱን በባሕር መክበብን መረጡ፤ ከሶቪየት ኅብረት ጋርም በጎን ድርድር ተደረገ። ቀውሱ በ13 ቀን ረገበ።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጦር የማዝመት ሥልጣን የማን ነው?

በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና «እንግዲህ እንደፈለገ ያዛል» ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው፤ ማዘዝና የጦርነት ሁኔታ ማወጅ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። አንቀጽ 55(9) የጦርነት ሁኔታን የማወጅ ሥልጣን የሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ረቂቁን የሚያቀርበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

በአገር ውስጥ ጦር የሚሰማራባቸው ሌሎች በሮች አሉ። የክልል መስተዳድር ከአቅሙ በላይ የሆነ የፀጥታ መደፍረስ ሲገጥመው ሊጠይቅ ይችላል (አንቀጽ 51(14))። ክልል ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ መግባትን ያዛል (አንቀጽ 62(9)፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ነው)። ሌላው በር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ስለዚህ ጦር ወጣ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው በር?» ይሁን። መግለጫው ቁጥሩን ካልጠቀሰ፣ ወይም ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ከጠቀሰ፣ ያን ልብ በሉ።

አንቀጽ 87ንም አትዝለሉት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከማንኛውም ፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ይደነግጋል።

ለአዳማ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በገዳ ሥርዓት የአባ ገዳው ድርሻና የጦር መሪው የአባ ዱላው ድርሻ የተለያዩ ናቸው፤ ሥልጣኑም በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። የሚመራውና የሚያዘምተው አንድ እንዳይሆኑ የተጨነቁ ሰዎች እዚሁ ምድር ላይ ኖረዋል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምን እንቁጠር?

ቀንና ድምፅ። በዚህ ጉዳይ ተራ ዜጋ ያለ ማንም እርዳታ ሊመረምረው የሚችለው ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ። ፓርላማው የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በመሐል የአንድ ወር እረፍት አለው። በሐምሌና በነሐሴ የወጣ አዋጅ እንግዲህ ከፓርላማ ክርክር በፊት ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያው ይሻራል። ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየ4 ወሩ፣ በየጊዜው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል።

በተግባር እንቁጠረው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የወጣው አገር አቀፍ አዋጅ ፓርላማው ሥራ ላይ ስለነበረ ጥቅምት 25 ጸደቀ፤ 6 ወሩ ሳይሞላም የካቲት 8 ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ጉዳይ የወጣው በእረፍት ጊዜ ስለነበረ ነሐሴ 8 ጸደቀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ደግሞ ለ4 ወር ተራዘመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንዱ ከጊዜው በፊት የተዘጋ፣ ሌላው ጊዜውን ጨርሶ የታደሰ መሆኑን ታያላችሁ። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ሲመጣ «በመጀመሪያው ጊዜ የተባለው ግብ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የድምፁ ቆጠራም ቀላል አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በፓርላማ በተሰጠው ድምፅ መጀመሪያ የተነገረው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ ነበር። በወቅቱ የነበሩት አባላት 539 ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛው 360 ይመጣል። 346 አይሞላም። ቁጥሩ ኋላ ላይ 395 ተብሎ ታረመ፣ ብዙ ክርክርም አስነሣ። ከዚህ የምንወስደው ልምድ አለ፦ ድምፅ ሲሰጥ ድጋፉን ብቻ ሳይሆን ተቃውሞውን፣ ድምፀ ተአቅቦውን፣ በዕለቱ የተገኙትንና በሥራ ላይ ያሉትን አባላት ቁጥር አብራችሁ መዝግቡ። አንዱ ከጎደለ ስሌቱ አይሠራም።

በመጨረሻም የአዋጁን አፈጻጸም የሚመረምረውን መርማሪ ቦርድ ተከታተሉ። 7 አባላት አሉት፤ የታሠሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሠሩበትን ምክንያት መግለጽ ሥራው ነው። አዋጁ በታወጀ በ31ኛው ቀን ዝርዝሩ ካልወጣ ጥያቄው ለቦርዱ መቅረብ አለበት። ዘመድ የታሠረበት ቤተሰብ ይህን ቀን አያሳልፍ። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18ና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይታገዱ ይታወቅ።

ንግግሩ በጣም ጋለ፤ ይህ በራሱ ምልክት አይደለም?

ደካማ ምልክት ነው። በምረቃና በሠራዊት ቀን የሚሰማው ንግግር ለሠራዊቱ ሞራል የሚነገር ነው፤ ፉከራና ሽለላ ባለበት አገር ደግሞ ጠንከር ማለቱ አይገርምም። ከፉከራው ይልቅ ፓርላማ ፊት የተባለውንና በጽሑፍ የወጣውን መግለጫ መዝኑ።

አዳማ ላይ አንድ የተለየ ችግር አለ። አንዱ ንግግር በአፋን ኦሮሞ ተሰምቶ በአማርኛ ይወራል፣ ወይም በተቃራኒው። በአፋን ኦሮሞ «ዋራና» ሠራዊትንም ጦርነትንም ይገልጻል። አማርኛችንም «ጦር» ሲል መሣሪያውንም ሠራዊቱንም ማለቱ ነው፤ «ጦር ገጠመ» ሲል ደግሞ ውጊያ ይሆናል። «ሠራዊታችንን እናጠናክራለን» የተባለው በሁለተኛው ሰው አፍ «ለጦርነት እንዘጋጃለን» ሆኖ ሲወጣ አስቡት። 40 ሰከንድ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ሙሉውን በተነገረበት ቋንቋ፣ ሁለቱን ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ጋር ስሙ። ቀኑንም አረጋግጡ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ንግግር እንደ ትናንት ሆኖ ይዞራል።

ታዲያ ጠንካራው ምልክት የቱ ነው?

ምክንያቱ ሲለዋወጥ ዕቅዱ ሳይለወጥ መቅረቱ።

ኢራቅን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ስትወራት ዋናው ምክንያት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አለ የሚል ነበር። ከወረራው በኋላ የተላከው መርማሪ ቡድን ክምችቱን አላገኘም። ዘመቻው ግን ቀጠለ፤ ምክንያቱ ወደ ዴሞክራሲ ግንባታ ዞረ። መሪ ምክንያቱ ሲወድቅ ዕቅዱንም እንደገና የሚያይ ከሆነ ማስረጃ ይመራዋል ማለት ነው። ምክንያት እየፈለገ ዕቅዱን የሚያቆይ ከሆነ ግን ውሳኔው ቀድሞ አልቋል።

ሁለተኛው ምልክት ጥድፊያ ነው፤ ማረጋገጫ ሳይመጣ ፈቃድ መጠየቅ። ቬትናም አጠገብ ባለው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ነሐሴ 4 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ መርከቦች ላይ ደረሰ የተባለው ሁለተኛ ጥቃት እንዳልነበረ ኋላ ላይ ታወቀ። የአሜሪካ ኮንግረስ ግን በሦስተኛው ቀን በአንዱ ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሌላው 88 ለ2 ሰፊ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቬትናም ውስጥ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ሦስተኛውን ከውጭ ጉዳይ ዜና ውስጥ አትፈልጉት፤ የአገር ውስጥ ዜናን አንብቡ። መጋቢት 30 ቀን 1982 (እ.ኤ.አ.) በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ሠራተኞች በወታደራዊው መንግሥት ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጡ። ሚያዝያ 2 የአገሪቱ መሪ የጀነራል ጋልቲየሪ ጦር በብሪታንያ እጅ የነበሩትን የፎክላንድ ደሴቶች ያዘ። የከተማዋ አደባባይ ወዲያው በድጋፍ ተሞላ። ጦርነቱ በ74 ቀን በሽንፈት ሲያበቃ 649 አርጀንቲናውያን ሞተው ነበር፣ ጀነራሉም በቀናት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ። ኑሮ ሲወደድና ተቃውሞ ሲበረታ የድሮ የድንበር ቁርሾ በድንገት ከተቀሰቀሰ የሁለቱን ቀን አቆጣጠር አስተያዩ።

የጋለው ነገር ሁሉ ወደ ጦርነት ይሄዳል ማለት ነው?

አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ከሶማሊያ ጋር ብርቱ ውዝግብ ተነሣ፤ ብዙዎች ጦርነት መጣ ብለው ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ሁለቱ መንግሥታት በቱርክ አሸማጋይነት አንካራ ላይ ተስማሙ። ወሬው በጋለበት ወቅት የሽምግልናው ስብሰባ ይቀጥል እንደሆነ መከታተል ከወሬው የበለጠ ይነግር ነበር።

ከበጀት ምን ይታያል?

ዓመታዊው በጀት በሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመከላከያ ድርሻ በአዋጁ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። በ2015 ከ786.6 ቢሊዮን ብር 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ የተያዘ ነበር። ከዋናው በጀት ይልቅ በዓመቱ መሐል የሚመጣውን ተጨማሪ በጀት ተከታተሉ፤ ጦርነት ገንዘብ የሚጠይቀው በዚያ በር ነው። በ2014 አጋማሽ የጸደቀው የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት የአንበሳው ድርሻ ለመከላከያ ነበር።

አዳማ ላይ ሆነን ቀድመን የምናየው ነገር አለ?

ትንሽ። የናፍጣ ዋጋ በመንግሥት ስለሚተመን ምልክት አይሆንም፤ የጭነት ኪራይ ግን በድርድር ስለሚወሰን የሾፌርና የባለንብረት ስጋት ቶሎ ይታይበታል። በአዋሽና ሚሌ መስመር የሚመላለስ ሾፌር «ሌሊት አልነዳም» ማለት ሲጀምር ኪራዩ ይጨምራል። ይህም ቢሆን የሚያሳየው የሰውን ፍርሃት እንጂ የመሪን ውሳኔ አይደለም።

ወታደራዊ መኪና በከተማው ሲያልፍ ቀርጾ መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ። የወታደሩን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፣ እናንተንም ያስጠይቃል። ያልተጣራ ወሬም እንዲሁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ወንጀል ነው፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል።

መዝገብ መያዝ ከፈለግን እንዴት?

አንድ ባለመስመር ደብተር በቂ ነው። ገጹን በአምስት ዓምድ ክፈሉት፦ ቀን፣ የተናገረው ሰውና ቦታው፣ ቃሉ እንዳለ፣ የተሰጠው ምክንያት፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው። የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ተዉት፤ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ ሙሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው፤ የተባለውን ትቶ የተሰማውን ይጽፋል። «ዛተ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ያለውን ቃል ጻፉ። የተቃዋሚውንም ወገን ንግግር በዚያው ደብተር አስገቡ፤ ለጠብ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፣ አንዱን ብቻ የመዘገበ ደብተር ያታልላል።

ከሦስት ወር በኋላ አራተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ብቻውን አንብቡት። ምክንያቱ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሌሎች አገሮች መሪን እንዴት ይገድባሉ?

በአሜሪካ የ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባስገባ በ48 ሰዓት እንዲያሳውቅ፣ ኮንግረሱ ካልፈቀደም በ60 ቀን እንዲያቆም ይላል፤ ለማስወጣት 30 ቀን ይጨመራል። ፕሬዚዳንቶች «ይህ ጦርነት አይባልም» እያሉ ሕጉን ደጋግመው አጥብበው ተርጉመውታል። በፈረንሳይ ፓርላማው በ3 ቀን ይነገረዋል፣ ከ4 ወር በላይ የሚቆይ ዘመቻ የእሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ጀርመን ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ የታጠቀ ጦር ወደ ውጭ ለመላክ የፓርላማ ፈቃድ ትጠይቃለች። በብሪታንያ ፓርላማው ነሐሴ 29 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) በሶሪያ ላይ ሊወሰድ የነበረውን እርምጃ በ285 ለ272 ጣለው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተቀበለ።

መሪውን በዚህ መጠየቅ ወታደሩን መክዳት አይሆንም?

አይሆንም። ወታደሩ ወዴት እንደሚላክ አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ሌላ ነው። ልጇን ሸኝታ ስልክ ስትጠብቅ የምታድር እናት «ለምን ሄደ፣ መቼ ይመለሳል?» ብትል ሠራዊቱን አልነካችም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የተጀመረው ጦርነት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ወስዷል። በየትኛውም ወገን ልጁን ያጣ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፣ እኛም ድምፃችንን ዝቅ አናደርግም።

ኃይል መጠቀም የሚገባበት ጊዜ የለም ማለታችሁ ነው?

አለ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) ኃይልንና ዛቻን ቢከለክልም አንቀጽ 51 የታጠቀ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን እንዲከላከል ይፈቅዳል፤ እርምጃውንም ለጸጥታው ምክር ቤት ወዲያው ማሳወቅ አለበት። የተወረረ አገር መሪ ፈጥኖ ቢነሣ ቸኮለ አይባልም።

ለፓርላማ ተወካያችን ምን ብለን እንጠይቅ?

አጭርና ሊመለስ የሚችል ነገር። ምክር ቤቱ በአንቀጽ 55(17) ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ በ55(18) ደግሞ አንድ ሦስተኛው አባላት ከጠየቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ ላይ ውይይት ይከፈታል። «ጦርነት ይቁም» የሚል ደብዳቤ ምስጋና ተሰጥቶት ይቀመጣል። የሚከተለው ግን መልስ ያስፈልገዋል፦

«ዘመቻው የተፈቀደው በየትኛው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ነው? ከዘመቻው በፊት የተሞከረው ድርድር መቼና በማን አማካይነት ነበር? ግቡ ደርሷል የሚባለው ምን ሲታይ ነው? እርስዎ በድምፅ አሰጣጡ ዕለት ምን ብለው ድምፅ ሰጡ?»

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስምና ፊርማ ይኑረው፣ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱን አስረክባችሁ ሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፈርሙ። ለማስረከብ አመቺው ጊዜ ተወካዮች በእረፍት ወደ ምርጫ ክልላቸው የሚመጡበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የተፈረመበትን ቅጂ ከደብተሩ ጋር አስቀምጡት።